የሐሙስ መርዶ

በግድቡ በር ፊት ለፊት በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ሰባት ሰው ይሰለፋል። ማንም ማንንም አይገፋም። መስኮቱ አንድ ነው፤ ከመስኮቱ ጀርባ ሰው የለም። እኛ «ጠያቂው» እንለዋለን። አንድ ሰው ፊቱ ሲቆም ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ሰውየው መልሶ እጁን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል። አረንጓዴ ሲበራ ይገባል። ለአንድ ሰው ሃያ ሰከንድ ይበቃል።

ጥያቄዎቹ አይለወጡም።

«ከትናንት ወዲህ ያላሳወቁት ዕዳ አለ?»

«ከትናንት ወዲህ ያልሆነውን ሆነ ብለዋል?»

«አብሮዎት ከሚሠራ ሰው የደበቁት ነገር አለ?»

አባቴ ወጣት ሳለ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቁት ምስጢር የሚይዙ የመንግሥት ሰዎች ብቻ ነበሩ ይባላል፤ እነሱም በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ። ቀጥሎ አውሮፕላን ማረፊያው ተጨመረ፤ ከዚያ ባንኩ፣ መብራቱ፣ ውኃው። አሁን፣ በ2071 ዓ.ም.፣ ዳቦ ጋጋሪውም በየቀኑ ተጠይቆ የሚታደስ ፈቃድ አለው። ፈቃድ ያለው ሰው ከአጥር ውስጥ ይኖራል። የሌለው ከአጥር ውጭ ይኖራል፤ እዚያ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው።

ከበሩ በላይ በትልልቅ ፊደል ሁለት መስመር ተጽፏል። የመጀመሪያው «ዕዳ ያለበት ሰው ዋጋ ተለጥፎበታል» ይላል። ሁለተኛው «የዋሸ ሰው አንድ ጊዜ ተሽጧል» ይላል። በየዓመቱ ለመስከረም ቀለሙ ይታደሳል።

እኔ ይርጋ እባላለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የግድቡን አራተኛ የውኃ መዝጊያ ሰንሰለት ግራሶ እቀባለሁ፣ ዝገቱን እፍቃለሁ፣ ብሎኖቹን አጠብቃለሁ። አባቴ ሲሞት የውኃ ቦቴውን ዕዳ ትቶልኛል። ቦቴው ራሱ ከተወሰደ ቆየ፤ ዕዳው ግን አለ። የአሥራ አንድ ወር ክፍያ ይቀረኛል። ስለዚህ የፈቃድ ካርዴ ላይ ቢጫ መስመር አለ። ዕዳ ብቻውን ቢጫ ነው። ውሸትም ብቻውን ቢጫ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ቀይ ነው፤ ቀይ የበራበት ሰው በዚያው ቀን ከግቢው ይወጣል። የምኖርበት ክፍል የግቢው ነው፤ አልጋውም፣ ምድጃውም። እናቴ አብራኝ ትኖራለች።

የአራተኛው መዝጊያ አዛዥ ጋሽ ያፌት ነበሩ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ወንበራቸው ከውኃው አርባ ሜትር ከፍ ብሎ በመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ከበታቻቸው ሰንሰለቱ ላይ እውላለሁ። ብዙ አላወራም፤ ሰው ፊት ቃል ይጠፋብኛል። እሳቸው ደግሞ ዝም ማለት አይችሉም።

«አንተ ልጅ፣» ይሉኝ ነበር ከላይ፣ «ለመስኮቱ በቀን ሦስት ቃል ትናገራለህ። ለእኔ ሁለት። ምን በደልኩህ?»

«ምንም ጋሼ።»

«እሺ፤ የዛሬዎቹን ሁለት ተቀበልኩ።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ የስልክ ጥሪ መጣልኝ። ሴትዮዋ የጋሽ ያፌት ወንድም የናሆም ሚስት መሆኗን ነገረችኝ። ስሟ ቤተልሔም ነው፤ ሮቤ ነው የምትኖረው። አንድ ጊዜ ለጥየቃ መጥታ ስለነበር አውቃታለሁ። ድምፅዋ ደክሟል።

«ይርጋ፣ አንተ ነህ? ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«ናሆም ትናንት አረፈ። ዛሬ ጠዋት ቀበርነው። ያፌት እንዳይሰማ። ደም ግፊት አለበት፤ ደግሞ ያ ከፍታ ላይ ነው የሚውለው። ለሽማግሌዎች ንገርልኝ። እንደ ሰው ያርዱት። ሰው አቅፎት፣ ተቀምጦ ይስማ።»

«እሺ እትዬ። እግዜር ያጽናሽ።»

«አንተ ልጅ ነህ፤ አንተ እንዳትነግረው።»

ወዲያው ወደ መዝጊያችን ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አቶ ናታን የግቢው ዕድር ዳኛም ናቸው። ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁና ቧንቧ ላይ ተቀመጡ። ማምሻውን ከአራተኛው መዝጊያ ቡድን ዘጠኝ ሰው ጠሩ፤ ከእሳቸውና ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ቧንቧዎቹ መሐል ቆመን ተመካከርን። መርዶው ሐሙስ ንጋት ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። ሐሙስ ጠዋት ውኃ ስለማይለቀቅ ሥራ የሚገባው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ከእሳቸው ጋር ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛል። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ማን በግራ ማን በቀኝ እንደሚይዛቸው ሁሉ ተነጋገርን።

«ጠያቂውስ?» አለ አንዱ ብየዳ ሠራተኛ።

የደበቅነው ነገር እንዳለ ከተናገርን ምን እንደሚሆን እናውቃለን። አምና የቤተ ሙከራ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ለሦስተኛው ጥያቄ «አዎ» ብላ መለሰች፤ የጓደኛዋን አባት ሞት ደብቃ ነበር። ደንቡ እንደሚለው ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሚመለከተው ሰው ደረሰ። ጓደኛዋ የአባቷን ሞት ምሳ ሰልፍ ላይ ከካርዷ አነበበችው። ሳህኑን እንደያዘች ወደቀች።

«ጠያቂው መርዶ አያውቅም፣» አሉ አቶ ናታን። «እኛ የምንዋሸው ውሸት አይደለም። እውነት ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ እናዘገየዋለን።»

«ይቺን እኮ ለመስኮቱ ቢነግሯት ጥሩ ነበር ጋሼ፣» አለ ብየዳ ሠራተኛው፤ ጥቂት ሰው ሳቀ።

አቶ ናታን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ዕዳ አለብህ። ከፈለግህ ሁለቱን ቀን ታመምኩ በልና ቅር።»

«ይህም ውሸት ነው ጋሼ፣» አልኩ።

«እሱስ ነው፣» አሉና ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰልፉ እንደ ወትሮው ነበር። አንድ ሰው ለጋሽ ያፌት ተራውን ለቀቀላቸው። ሌላው የጫማቸው ማሰሪያ መፈታቱን አይቶ ጎንበስ ብሎ አሰረላቸው። «ዛሬ ሙሽራ መሰልኩ እንዴ?» አሉ። ከፊቴ የነበረው ብየዳ ሠራተኛ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲመልስ ጀርባውን አየሁት፤ ሸሚዙ ረጥቧል። የእኔ ተራ ደረሰ።

«አብሮዎት ከሚሠራ ሰው የደበቁት ነገር አለ?»

«የለም።»

እጄን አሳረፍኩ። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው። አረንጓዴው በራ። ከወትሮው የዘገየ መሰለኝ፤ ግን ስፈራ ሁሉም ነገር ይዘገይብኛል።

ቀኑን ሙሉ ሰንሰለቱ ላይ ዋልኩ። ጋሽ ያፌት ከላይ ስለ ድሮ ክረምት ያወሩኛል። በምሳ ሰዓት፣ ሰኞ ማታ አብራን የመከረችው ወጥ ቤት ሳይጠይቋት ሁለት ጭልፋ ጨመረችላቸው። ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እንዳለ በሉት።

ረቡዕ ጠዋትም «የለም» አልኩ። አረንጓዴው በራ። ሦስት ሰዓት ላይ ግን ከአስተዳደሩ ሕንፃ ተጠራሁ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ አርባ ዓመት ይሆናታል። መርማሪ ሰብለ መሆኗን ነገረችኝና ውኃ ቀዳችልኝ። ውኃውን እስክጨርስ ጠበቀች።

«አሥራ አንድ ሰው፣» አለች፣ «በሁለት ተከታታይ ቀን፣ ለአንድ ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት መልስ፣ አንድ ዓይነት መዘግየት። አሥራ አንዱም የአራተኛው መዝጊያ ሰዎች ናቸው። በቡድኑ ውስጥ ሳይዘገይ የመለሰው አዛዡ ብቻ ነው። በእኔ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን ታስባለህ?»

ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ልንገርህ። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ሰው ላይ ተስማምቷል እላለሁ። ያ ሰው ደግሞ የአንድ ከተማ ውኃ በእጁ ነው።»

«በእሳቸው ላይ አይደለም፣» አልኩ። «ለእሳቸው ነው።»

«ምኑ?»

ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ቢጫው መስመር ላይ ጣቷን አስቀምጣለች።

«አቶ ይርጋ፣ ዕዳ ወንጀል አይደለም። ግማሹ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳ ያለበት ሰው ሲዋሽ ግን የሚገዛው እንዳለ እንቆጥራለን። አንተ ሁለት ጠዋት ዋሽተሃል። ሆኖም ደንቡ ጨካኝ አይደለም። ያልሆነ ነገር የተናገረ ሰው ሳይያዝ፣ በራሱ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ካረመ እንደዋሸ አይቆጠርም። እስካሁን ማንንም አልያዝኩም። እስከ ስድስት ሰዓት አልይዝም።»

«ከዚያስ?»

«ቡድኑ ይበተናል። ዕዳ ያለባቸው አራት ሰዎች ዛሬውኑ ይወጣሉ። አንዱ አንተ ነህ። ቀድሞ የተናገረ ሰው ካለ ግን የሌሎቹ ነገር በቢጫ ያልቃል። የተናገረው ሰው ዕዳም ይሰረዛል። ለዚህ የተመደበ ገንዘብ አለ።»

ስለ ሌሎቹ ሦስት ሰዎች ብዬ ነው ማለት እችል ነበር። ስለ እናቴም ነው ማለት እችል ነበር። ግን ይህንንም አንድ ቀን እጠየቃለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ አሥራ አንዱ ወር ነው። አሥራ አንድ ወር በአንድ ጠዋት ሲያልቅ ታየኝ።

«ወንድማቸው ሞቷል፣» አልኩ። «ሐሙስ ንጋት ላይ ሊያረዷቸው ነው። ሌላ ምንም የለም።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከካርዴ ላይ አነሳች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። እስከ ነገ ንጋት ብቻ ይቆይ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ያውቃሉ፤ የሚደበቅ ነገር አይኖርም።»

«መብቱ ነው፣» አለች። «ስለ እሱ የተመዘገበ ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሰዋል። መብት ደግሞ አይቆይም።» ከዚያ ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «የእኔም እናት የሞተች ጊዜ በካርዴ ነው የደረሰኝ። እዚህ ክፍል ነበርኩ። አንድ ሰው እየጠየቅኩ። ጨርሼ ነው የተነሳሁት።»

የተናገርኩትን ጻፈች። እጄን ጽሑፉ ላይ አሳረፍኩ። ሰዓቱ አራት ከሩብ ነበር።

ካርዳቸው ሳይቀድመኝ ልደርስ ሮጥኩ። ከአስተዳደሩ ሕንፃ እስከ መስታወት ክፍሉ መቶ አርባ ደረጃ አለ። ደረጃው ላይ ምን እንደምል ለማሰብ ሞከርኩ። መርዶ ሲነገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ነው የሚናገረው፤ ከአምላክ ይጀምራል፣ ሰው ሁሉ መንገደኛ መሆኑን ያነሳል፣ ቀስ ብሎ ይደርስበታል። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ብቻዬን ነኝ፤ ልብሴ ግራሶ ነው፤ ፀሐይም ወጥታለች። በዚህ ሰዓት መርዶ የሚነገርበት አገር የለም።

በሩን ስከፍት ጋሽ ያፌት ወደ ውኃው እያዩ ነበር።

«ጋሼ፣» አልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ቁጭ በል።»

«ጋሼ፣ ወንድምዎ...»

«ቁጭ በል አልኩህ። አውቃለሁ።»

ተቀመጥኩ። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዐይናቸው ደረቅ ነበር፤ ዙሪያው ግን አብጧል።

«ናሆም እሑድ እሑድ ማታ ይደውልልኛል፣» አሉ። «እሑድ አልደወለም። ደክሞት ይሆናል አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ተራውን ይለቅልኛል፣ ጫማዬን ያስርልኛል። ያቺ ወጥ ቤት እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጭልፋ ስትቆጥርብኝ የኖረች ሴት ናት። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ደግ ሲሆንብህ ቤትህ ውስጥ ሞት አለ ማለት ነው።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? ናታን ስንት አስቦ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ቀን ቆርጦ፣ እኔ ሄጄ ‹ደርሼባችኋለሁ› ልበለው? ያሳፍራል። ይምጡ አልኩ። ንጋት ላይ በሩን እንደማያውቅ ሰው እከፍታለሁ። ያኔ እጮኻለሁ። እስከዚያ ጩኸቴን ይዤላቸዋለሁ።»

ይህን ሲሉ ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«አንተ ግን ለምን በዚህ ሰዓት መጣህ?»

ነገርኳቸው። ስለ መርማሪዋ፣ ስለ አራቱ ሰዎች፣ ስለ ዕዳዬ መሰረዝ፤ አንድም አላስቀረሁም። አልተቆጡም። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«መስኮቱን ምን አሉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሁለቱን ጠዋት?»

«‹የደበቁት ነገር አለ› ሲለኝ ‹የለም› አልኩት። ማወቄን ደብቄ ነበራ። እኔ ስለው አይዘገይም፤ እኔ ልምድ አለኝ።» በእጃቸው አፋቸውን አበሱ። «ዕዳም አለብኝ። ለናሆም መታከሚያ የተበደርኩት። አሳውቄዋለሁ፤ ቢጫ ነው።»

ያኔ ገባኝ፤ ዕዳና ውሸት እሳቸውም ላይ ተገናኝተዋል። ደረጃውን ተመልሶ ለመውረድ እንደፈለገ ሰው እግሬ ተንቀሳቀሰ። ግን የትም የምሄድበት አልነበረም። ካርዳቸው ጠረጴዛው ላይ በራ።

ሁለታችንም አነበብነው። ‹ወንድምዎ አቶ ናሆም እሑድ ሚያዝያ ስምንት ቀን አርፈዋል። ባልደረቦችዎ ይህን ከእርስዎ ደብቀዋል። ይህን መረጃ ከዚህ በፊት ያውቁ ነበር?› ከሥሩ ሁለት ቃል አለ። ‹አውቅ ነበር።› ‹አላውቅም ነበር።›

«አላውቅም ነበር ይበሉ፣» አልኩ። «ገመቱ እንጂ አላወቁም። ግምት ዕውቀት አይደለም።»

«አውቄያለሁ ይርጋ። ከትናንቱ ሰልፍ ጀምሮ አውቄያለሁ።»

«ማንም አይሰማም ጋሼ።»

«አንተ ሰምተሃል።» ጣታቸው ካርዱ ላይ ቆመ። «ነገ ይጠይቅሃል። ወይ ለእኔ ትዋሻለህ፣ ወይ ታጋልጠኛለህ። አንተ ደግሞ መዋሸት አትችልበትም፤ ሁለት ቀን ሞክረህ ይኸው ምን እንዳመጣህ አየሁ።»

‹አውቅ ነበር› የሚለውን ነኩት። ተጠይቆ ያመነ ሰው በራሱ እንዳረመ አይቆጠርም፤ ቢጫው ከዳር ጀምሮ ቀይ ሆነ። ካርዱ ድምፅ አላሰማም። ከውኃው በላይ ያለው መብራት ጠፋ፤ መዝጊያው ከእሳቸው እጅ ወጣ ማለት ነው።

ከአስተዳደሩ ሁለት ሰዎች ሰባት ሰዓት ላይ መጡ። በትሕትና ነበር ያናገሯቸው፤ «አባባ፣ ደረጃው ያንሸራትታል» እያሉ ደግፈው አወረዷቸው። ጋሽ ያፌት በዋናው በር በኩል አላለፉም፤ የኋላው በር ላይ ነጭ መኪና ቆሞ ነበር። ከመግባታቸው በፊት አንዱን ሰውዬ ሲለምኑ ሰማሁ።

«ነገ ንጋት ላይ እንግዶች ይመጡብኛል። እስከዚያ ብቻ ልቆይ። እንግዳ ደጅ ላይ ማቆም ነውር ነው።»

«ነገ እዚህ ቤት የለዎትም አባባ።»

«ቤቱ ይቅር። ደጁ ላይ ልቁም።»

ሰውየው በሩን ዘጋላቸው። የት እንደወሰዷቸው አላውቅም። ከአጥር ውጭ የወጣን ሰው አድራሻ መጠየቅ ይመዘገባል።

ማታ እናቴ ዜናውን ከጎረቤት ሰምታ ነበር የጠበቀችኝ። ራት አቀረበችልኝ። ካርዴ ላይ ቢጫው መስመር እንደሌለ አሳየኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ካርዱን ተቀበለችኝ፤ ገለባብጣ አየችው፤ መለሰችልኝ። «ብላ፣» አለች።

ሐሙስ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ወጥቼ አየሁ። የጋሽ ያፌት ክፍል ከእኛ ሦስተኛው ነው። በሩ ላይ ግራጫ ማሸጊያ ተለጥፏል። አቶ ናታን ከፊት፣ ዘጠኙ ሰዎች ከኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ካርዱ ላይ ቢጫ አድሮበታል። ግን ቀኑ ተቆርጦ ነበርና መጡ።

አቶ ናታን በሩን ሦስት ጊዜ መቱ። ጠበቁ። ከዚያ ወደ ኋላቸው ዞሩ።

«አሁን እኛ ማንን ነው የምናረዳው?» አሉ።

ብየዳ ሠራተኛው መሬት መሬት ያያል። ከእነሱ መሐል ለቅሶ ለመጀመር የመጡ ሴቶች ሁለት ነበሩ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆሙ። ባለቤቱ ሳይጮኽ የሚጮኽ የለም። እንዲህ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆሙ። አቶ ናታን በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«እንዴት አደርክ ይርጋ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«ደህና።» ትንሽ አሰቡ። «እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ሰላም በልልኝ፣» አሉና ሄዱ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሰልፉ ጋ ቆምኩ። ከፊቴም ከኋላዬም የነበረው ሰው ከወትሮው ራቅ ብሎ ቆሟል። ጠያቂው ሦስቱን ጥያቄ ጠየቀኝ። ዕዳ የለም። ያልሆነ ነገር አላልኩም። የደበቅኩት ነገር የለም። ሦስቱም እውነት ነበር። አረንጓዴው እጄ ገና መስታወቱን ሳይነካው በራ። ከዚያ መስኮቱ ከሦስቱ ጥያቄ ውጭ ሌላ ነገር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

«የፈቃድዎ ደረጃ ከፍ ብሏል። ዛሬ በአራተኛው መዝጊያ ወንበር ይቀመጡ።»

መቶ አርባውን ደረጃ ወጣሁ። ወንበሩ ለጋሽ ያፌት ቁመት የተስተካከለ ስለሆነ እግሬ ወለሉን በደንብ አልረገጠም። መዝጊያው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ሳንቲ ሜትር መከፈት አለበት። ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ሰው መኖሩን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚታመን መሆን አለበት።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ።

«ሄሎ? የአራተኛው መዝጊያ ነው? ያፌት?»

«ይርጋ ነኝ እትዬ።»

«አንተ ነህ! እግዜር ይስጥልኝ።» እትዬ ቤተልሔም ነበረች። ከኋላዋ ሰው ሲያወራ፣ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል፤ ለቀስተኛ ቤቷ ሞልቷል። «እሱ ቤቱ ስልክ አያነሳም። ሰው ከቦት ይሆናል ብዬ ነው። ዛሬ አረዳችሁት አይደል?»

«ሰምተዋል እትዬ።»

«እንዴት ሆነ? ማን ያዘው?»

ይህን ጊዜ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ማንም ሰው ያውቃል። ‹ሰው ሁሉ ነበረ፤ በግራ በቀኝ ይዘነው ነበር፤ አሁን ትንሽ እህል ቀምሷል› ይባላል። ቃሎቹን አዘጋጀኋቸው። ምላሴ ላይ መጡ። ስልኩ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት አየኋት፤ የሚናገረውን ሰው ታዳምጣለች።

«ማንም አልያዛቸውም፣» አልኩ።

«እንዴት ማለትህ ነው? ሽማግሌዎቹስ?»

«ዛሬ መጡ። እሳቸው ግን ትናንት ነው የሰሙት። ከካርዱ። ከግቢው አስወጥተዋቸዋል።»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። እሷ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

«ይርጋዬ፣ እርሙን አወጣ? አለቀሰ?»

«አላለቀሱም እትዬ።»

«የት ነው ያለው?»

«አላውቅም።»

ከዚያ ጮኸች። ለባሏ የጮኸችው ጩኸት እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ለባሏ እሑድ ጮኻ ጨርሳለች። ጩኸቱ ከስልኩ ወጥቶ የመስታወቱን ክፍል ሞላው። ከእሷ ኋላ ያሉት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት፤ አልዘጋሁትም። ከታች ሰንሰለቱ ላይ የነበረው አዲስ ሠራተኛ ቀና ብሎ አየኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰሌዳ በራ።

‹በክፍሉ ውስጥ ያልታወቀ ድምፅ ተሰምቷል። ምንጩን ይምረጡ፦ መሣሪያ፣ ውኃ፣ እንስሳ፣ ሌላ።›

አራቱንም ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ስድስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ሆኗል። መልስ ካልተሰጠ መዝጊያው አይከፈትም።

‹ሌላ› የሚለውን ነካሁ።

ሰሌዳው አመሰገነኝ። መዝጊያው አርባ ሳንቲ ሜትር ተነሳ፤ ውኃው መውረድ ጀመረ። ስልኩ ውስጥ ያለው ጩኸት ከውኃው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ለይቼ መስማት እስከማልችል ድረስ በእጄ ይዤው ቆየሁ።